ከጎባጣው የወረደው ኑዛዜ

የክተት ትዕዛዙ የደረሰን በይበልጣል ላይ ያቀረብኩት ክስ ሊሰማ ሳምንት ሲቀረው ነው። ምስክሮቼን አዘጋጅቼ፣ ጋቢዬን አሳጥቤ፣ የምናገረውን በልቤ ደርድሬ ቀኗን ስጠብቅ ነበር። ጥሩምባው ሲነፋ ክሱም ቀጠሮውም ቀረ። አማኑኤል ከተማ ገበያው ሜዳ ላይ ተሰልፈን ስማችን ሲጠራ፣ መቶ መሪ ሆኖ ከፊታችን የቆመው ያው የከሰስኩት ሰው ነው። መቶ አለቃ ይበልጣል። ከአጥር ማዶ ያለ ጎረቤቴ።

አልወደውም ነበር። ዛሬም እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽም። የትምህርት ቤት ልጆች እየመጡ «አባባ፣ ስለ ጦር ሜዳ ያጫውቱን» ሲሉኝ፣ ጀግንነት እንድነግራቸው እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። እኔ የምነግራቸው ግን ስለዚህ ሰውና ስለ ወረቀቶቹ ነው። አንዳንዶቹ ይሰለቻሉ። ይሰልቹ።

የጠባችን ምክንያት በሁለታችን ግቢ መካከል ያለች ቁራጭ መሬት ናት። በሬ ቢተኛባት ጭራው ከውጭ ይቀራል። ጌሾ ተክዬባት ነበር። ይበልጣል አንድ ክረምት ጌሾዬን ነቅሎ አጥሩን እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ገፋው። ሽማግሌ ላክሁበት፤ ሽማግሌዎቹን አብልቶ አጠጥቶ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ደብረ ማርቆስ ወርጄ የከሰስኩት።

ከተሜ ነበር። ቤት አለው፣ የሚሊሻ አዛዥ ነው፣ ሰው ያከብረዋል። ነገር ደግሞ ይወዳል። ሌላው ሰው ጠላ ቤት ሲሄድ እሱ መዝገብ ቤት ይሄዳል። ወረቀቶቹን የቆሎ ተማሪ መጽሐፍ በሚይዝበት የቆዳ ማኅደር ከትቶ ከትከሻው አያወርዳትም፤ ዘመቻም ይዟት ወጣ። የቤቱ ካርታ፣ የግብር ደረሰኞቹ፣ የፍቺ ውሳኔው፣ የረታባቸውና የተረታባቸው ፍርዶች ሁሉ አሉባት። የእኔ የክስ ማመልከቻ ግልባጭም አለ። ይህን ሁሉ የማውቀው ደብቆን ስለማያውቅ ነው። ዕረፍት ባገኘን ቁጥር አውጥቶ ያነብልን ነበር።

«ከሳሽ አቶ ስማቸው፣ ‹ጌሾዬን በማን አለብኝነት ነቅሎ› ብለህ አስጽፈሃል» ይለኛል፣ መቶው ሁሉ እየሰማ። «ማን አለብኝነት የሚለውን በምን ታስረዳለህ?»

«ስንመለስ አስረዳለሁ፣ መቶ አለቃ» እለዋለሁ። ሰዉ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

በመኪና ተጭነን በደብረ ማርቆስ አድርገን ወደ ሰሜን ሄድን። መንገዱን አላወራውም፤ አቧራ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ኮረብታ ሰጡን። በካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን ጎባጣው እንለው ነበር። ከፊት ለፊቱ ከሱ ከፍ የሚል ሌላ ኮረብታ አለ፤ ጠላት ያለው እዚያ ነው። ከላይ ያየናል። ቀና ያለ ይመታል። የውሃ ጀሪካን ሊያነሣ ጎንበስ ያለም ተመትቷል።

ይበልጣል ጥሩ አዛዥ ነበር። ይህን ማለት ያናድደኛል፣ ግን ነበር። ምሽግ ሳያይ አይተኛም። «ከሳሽ፣ ጥልቀት ይጎድለዋል፤ ጨምር» ይለኛል። ለክሱ ብሎ ነው የሚያለፋኝ ብዬ ውስጤ ይቃጠላል። እጄ እስኪላጥ ቆፈርኩ። አንድ ቀን ሞርታር ሲዘንብ ዋለ፤ ከምሽጌ ሳልነካ ወጣሁ። አመሰግንሃለሁ አላልኩትም።

አንዲት ጥብቅ ትዕዛዝ ነበረችው። «ከሁለት በላይ አንድ ምሽግ ውስጥ እንዳላይ» ይላል። «ሦስት ሰው ካዩ ሞርታር ይሰዱላችኋል።» አንድ ጊዜ ሦስት ሆነን ቆሎ ስንቆረጥም አግኝቶን፣ ቆሎውን ከእጃችን በትኖታል።

በዚህ ሁኔታ ብዙ ሰነበትን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሻምበሉ ትዕዛዝ መጣ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የፊቱን ኮረብታ እናጠቃለን። ጠመንጃ መወልወል ተጀመረ። ይበልጣል ምሽግ ለምሽግ እየተሽሎከለከ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስማቸው፣ ምስክር ትሆነኛለህ» አለኝ። ያን ቀን ከሳሽ አላለኝም።

«የምን ምስክር?»

«የኑዛዜ።»

ነገሩ ገባኝ። ሉማሜ ላይ ሻይ ቤት ካላት እታገኝ ከምትባል ሴት የወለዳት ልጅ አለችው፤ ጥሩወርቅ። ያኔ ገና ጥርሷ የሚነቀል ልጅ ነበረች። እናቷን አላገባትም፤ ልጅነቷንም በወረቀት አላመነም። የሱ መሆኗን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ታናሽ ወንድሙ ዳምጤ ግን «ከመንገድ የተገኘች ናት» እያለ ያወራ ነበር። ይበልጣል ሳይናዘዝ ቢሞት ቤቱም ስሙም የዳምጤ ነው።

«ሌላ ሰው የለም?» አልኩት።

«ሌላማ ሞልቷል። ግን ዳምጤ ጠበቃ ያቆማል። ወዳጁ ስለሆነ ነው የመሰከረለት ይላሉ። አንተን ማንም ወዳጁ ነበር አይልህም። ከስሰኸኛል፤ ወረቀቱ እዚህ አለ» አለና ማኅደሩን መታ መታ አደረጋት።

ደሜ ፈላ። ሰውየው ክሴን እንኳ ለራሱ ጥቅም ሊያውላት ነው። እምቢ ልለው ነበር። ልጅቷ ግን ምን አደረገች? እሺ አልኩት።

ሕጉ አራት ምስክር ይፈልጋል፤ አራቱም በአንድ ላይ ተቀምጠው፣ ሲነበብ ሰምተው፣ እዚያው መፈረም አለባቸው። ይበልጣል ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አንድ በአንድ እየዞረ ቢያስፈርመን ኖሮ ማን ያየው ነበር? ማንም። እሱ ግን ፍርድ ቤት የኖረ ሰው ነው፤ በወግ ጉድለት የወደቀ ኑዛዜ በዓይኑ አይቷል። «ሥርዓቱ ካልተሟላ ወረቀት ነው» አለ። ስለዚህ ሦስት ሰው አንድ ምሽግ ውስጥ እንዳይቀመጥ የሚከለክለው አዛዥ፣ አራት ሰው ሰብስቦ አምስተኛ ሆኖ ተቀመጠ።

አንዱ ቢተው ነው። ዲማ ቅኔ የተማረ፣ እጀ ጽሑፉ የሚያምር፤ የሚጽፈው እሱ ነው። አንዱ ገላው የሉማሜ ገበሬ፣ ሳቂታ። አንዱ ከድር፣ ከወሎ ተመድቦ አማኑኤል ያስተምር የነበረ መምህር። አራተኛው እኔ። ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን ተቀመጥን። ይበልጣል ቃሉን እየተናገረ ቢተው ጉልበቱ ላይ ጻፈ።

ቢተው እንደ አገሩ ልማድ መጨረሻው ላይ እርግማን ሊያስገባ ፈለገ። «ይህን ያፈረሰ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ ይሁን ልበል?»

«አትበል። እርግማን ይግባኝ አያስቀርም» አለ ይበልጣል።

ከድር ሳቀ። ከዚያ ቢተው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ጥሩወርቅ የአብራኬ ክፋይ ልጄ ናት ይላል። ቤቴንና ግቢዬን፣ በምሥራቅ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ያለውን፣ ለእርሷ ተናዝዣለሁ ይላል።

«ቁም!» አልኩ። «እስከ ባሕር ዛፉ? የኔን መሬት ነው የምትናዘዝላት?»

«የኔ ነው።»

«አልፈርምም።»

ገላው «አያ ስማቸው፣ ጥይት ሲመጣ ስለ ጌሾ?» አለኝ።

«ስለ ጌሾ ነው፤ አዎ!»

ይበልጣል አልተቆጣም። ፊቴን አየና በቀስታ ተናገረ። «ስማኝ። እውነት ነው ብለህ አይደለም የምትፈርመው። ይበልጣል ይህን ሲል ሰማሁ ብለህ ነው። ሰምተሃል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሌላውን ስንመለስ ዳኛው ያየዋል። ክስህን አንሣ አላልኩህም።»

ፈረምኩ። ከድርም ፈረመ። ቢተውም ፈረመ። ገላው መጻፍ ስለማይችል አውራ ጣቱን ማተም ነበረበት፤ ቀለም የለም። ይበልጣል ከጠመንጃው ዘይትና ጥቀርሻ ጠርጎ ጣቱን ቀባለት። ገላው አሻራውን አሳርፎ ጣቱን አየና «አሁን ሰው ሆንኩ» ብሎ ሳቀ። ይበልጣልም ፈርሞ ወረቀቱን አጥፎ ማኅደሩ ውስጥ ከተተ። «ተበተኑ» አለ። «በሩጫ።»

እኔና ከድር ቀድመን ወጣን። ሞርታሩ ከኋላችን የወደቀው ሁለተኛው ምሽግ ሳንደርስ ነው።

ተመልሰን ስንደርስ ገላውና ቢተው ሞተዋል። ገላው አፉ ላይ የሳቁ ነገር ገና አለ። ይበልጣል ክንዱ ደምቶ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ማኅደሯን ደረቱ ላይ አቅፏታል። አየኝና «ሁለት ምስክር ሞተብኝ» አለ።

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። አዛዤ መሆኑን ረሳሁ። ሸሚዙን ጨምድጄ ያዝኩት። «ምስክር? ገላውን ምስክር ትለዋለህ? ቢተውን? ለወረቀትህ ሰብስበህ አስፈጀሃቸው! ራስህ የከለከልከውን!» ከድር ይጎትተኛል፤ አልለቅም አልኩ።

ይበልጣል እጄን አላስለቀቀም። «ታዲያ ምን ልበል?» አለኝ። ድምፁ ተቀይሯል። «ሰው ሞተብኝ ካልኩ አልነሣም። ነገ ደግሞ መነሣት አለብኝ።»

ለቀቅሁት። ይቅር አላልኩትም፤ ለቀቅሁት ብቻ። ጎህ ሳይቀድ ጓዶቻችንን ኮረብታው ወገብ ላይ ቀበርን። ገላውን ስንቀብረው አውራ ጣቱ እንደጠቆረች ነበር።

ማጥቃቱ የተጀመረው ሰማዩ ግራጫ ሲል ነው። ወረድን። ሸለቆውን ተሻገርን። መትረየስ ከላይ ያጭደን ጀመር። ተኛን፤ ተነሣን፤ ሮጥን፤ ተኛን። ከድር ከፊቴ ነበር። ወደቀ። ዘልዬው አለፍኩ፤ መቆም አይፈቀድም። ከግማሽ በላይ ወጣን። ከዚያ በላይ አልቻልንም። ፀሐይ ስትወጣ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ተሰባሰብን፤ ጥቂት ነን።

ይበልጣል ሆዱን ተመትቶ ነበር። ስቤ ቋጥኙ ሥር አስገባሁት። ውሃ አለኝ፤ ለሆድ ቁስል ውሃ አይሰጥም፤ ከንፈሩን ብቻ አራስኩለት። በእጁ ማኅደሯን ገፋልኝ።

«ከድርስ?»

«ወደቀ።»

«አንተ ብቻ ቀረህ እንግዲህ።»

«ዝም በል። ቃሬዛ ይመጣል።»

«ክስህ ውስጥ...» አለና አቃተው። ከዚያ «‹ማን አለብኝነት› የምትለዋን አስወጣት። አታስረዳም» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ቃሬዛ አልመጣም። ስንመለስ ቁስለኞችን ይዘን ወጣን፤ እሱን እዚያው ድንጋይ ከምረንበት ተውነው። አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ለራሴም አልገባኝም፤ ያን ሰው እጠላው ነበር።

አገሬ ስመለስ ዳምጤ ቤቱ ገብቶ ነበር። ጣሪያውን አስጠግኗል፤ ውሻም አስሯል። እታገኝ ልጇን ይዛ አውራጃው ፍርድ ቤት ከስሳዋለች። ማኅደሯ እኔ ዘንድ መሆኗን ዳምጤ ሰምቶ በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አጥሩ ጋ ተጠጋኝ።

«አያ ስማቸው፣ እንኳን በደህና ገቡ» አለኝ። ከዚያ አጥሩን እያየ «ወንድሜ በድሎዎታል። እኔ አውቃለሁ። ጌሾዎን መልሰው ይትከሉ። ከባሕር ዛፉም ወዲህ አልፈው አጥርዎን ይጠሩ፤ ደስ ይለኛል» አለ። «ያቺ የጭቃ ወረቀት ግን ምን ታደርግልዎታለች? እሳት ይንደድባት።»

መሬቷ እጄ ገባች ማለት ነው። ያለ ክስ፣ ያለ ቀጠሮ። ዋሸ እንኳ አልባልም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እውነቱን ልናገርና ነገሩ አማረኝ። ቤቴ ገብቼ ማኅደሯን ፊቴ አስቀምጬ ብዙ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን አወጣሁት። የገላው አውራ ጣት ጥቁር ሆና አለች፤ ዘይቱ ወደ ጀርባው ዘልቋል። ይህ ሰው የሞተው አንድ ነገር ለመስማት ተቀምጦ ነው። ቢተውም እንደዚያው። እኔ አልሰማሁም ብል፣ እነሱ የሞቱት ምን ሲሰሙ ሊሆን ነው? ይህ ሐሳብ ከያዘኝ በኋላ መሬቷ ከዓይኔ ወደቀች። ዳምጤን ደግሞ ጠላሁት፤ ከወንድሙ አብልጬ።

ደብረ ማርቆስ ችሎት ቀረብኩ። የዳምጤ ጠበቃ የራሴን ክስ አውጥቶ ለዳኛው አሳየ። ምስክሩ ከሟች ጋር ጠበኛ ነበር፤ ቂመኛ ነው፤ ቃሉ አይታመንም አለ። ይበልጣል ይህን ቢሰማ ምን ያህል በሳቀ! ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት ነው? ከሟች ጋር ጠብ ነበረህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ትጠላው ነበር?»

«አዎ። አሁንም አልታረቅንም።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። «ታዲያ ጠላትህን ለመጥቀም እዚህ ምን አቆመህ?»

«እሱን ለመጥቀም አይደለም። ሲል ሰምቻለሁ። ሰምተሃል ወይ ነው የምባለው፤ ሰምቻለሁ። እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ያለውን ግቢ ለልጄ ብሏል። ያቺ ቁራጭ የኔ ናት፤ ቢሆንም ብሏል።»

ዳኛው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅንተው አዩት። «ሌሎቹ ምስክሮች የት አሉ? ይጠሩ።»

በየተራ ጠራኋቸው። ቢተው፣ የጻፈው፤ ከተነበበ በኋላ በሞርታር ሞተ። ገላው፣ ይህች አሻራ የሱ ናት፤ አብሮት ሞተ። ከድር፣ መምህሩ፤ በማግስቱ ጎህ ላይ በመትረየስ ሞተ። ተናዛዡ ይበልጣል፣ በዚያው ጠዋት ሆዱን ተመትቶ፤ አጠገቡ ነበርኩ። አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። እታገኝ ልጅቷን ጉያዋ ውስጥ ደብቃ ታለቅስ ነበር። ዳምጤ ጫማውን ያያል።

ኑዛዜው ጸና። ጥሩወርቅ ይበልጣል ተብላ ተጻፈች። ዳምጤ ውሻውን ፈትቶ ወጣ። ዳኛው ስለ መሬቷ ያለህን ክርክር በወራሿ ላይ መቀጠል ትችላለህ አሉኝ። ወራሿን አየኋት፤ የፊት ጥርሷ የለም። ክሴን አላነሣሁም፤ ግን ወደዚያ መዝገብ ቤት ተመልሼ አልሄድኩም።

ዛሬ እኔ ሸምግያለሁ። ጥሩወርቅም የልጆች እናት ሆናለች፤ ያው ቤት ውስጥ ናት። አጥሩ ባሕር ዛፉ ጋ ነው ያለው። በየቀኑ ሳልፍ አየዋለሁ፤ በየቀኑ ይበግነኛል። ባለፈው በጋ የከተማው መሬት አስተዳደር ሰዎች መሣሪያቸውን ተክለው ግቢ ሲለኩ መጡ። ወሰንተኛ መፈረም አለበት ብለው ጠሩኝ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ ስማቸው፣ ይቺ ቁራጭ የእኔ ናት ይበሉ። እኔ እሺ እላለሁ። ሲለኩልን አብረው ያስገቡልዎታል» አለችኝ። «እናቴ ስትሞት አደራ ብላኛለች።»

ከልቧ ነበር። ዓይኗ የሱ ዓይን ነው፤ ሲያዩት እንኳ ያናድዳል።

«ካንቺ አልፈልግም» አልኳት።

«ለምን?»

«እኔ የፈለግሁት እሱን ረትቼ ነበር፣ ልጄ።»

እጄን ያዘችኝ። ልጅ እግሩ ሠራተኛ የሚያስፈርመውን ወረቀት ሰጠኝ፤ ወሰኑ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ነው ብዬ ፈረምኩ። ዓይኔ ስለደከመ የት እንደምፈርም ጣቴን ይዛ አሳየችኝ።

ከመቶው ተመልሰን አማኑኤል የገባነው አንዲት የጦር ጓድ እንኳ አንሞላም ነበር። ከነዚያም አብዛኞቹ አርፈዋል። ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ማን አሸነፈ ይላሉ፤ እኔ አላውቅም። ቢተው ጽፏል። ገላው ጣቱን አትሟል። ከድር ሰምቷል። ጎባጣው ፊት ለፊት፣ የድንጋይ ክምር ሥር፣ መልስ ያልሰጠኝ ተከሳሽ አለ። ማመልከቻዬ ማኅደሯ ውስጥ እንዳለች ነው። «ማን አለብኝነት» የምትለዋን አላስወጣሁም።